ከነዳጅ መስጫው ሥር
የዛሬ መኪኖች ነዳጅ መስጫ በገመድ ሳይሆን በኮምፒውተር መታዘዙ ብዙ ሰው ያሳስበዋል፤ እኔ ግን ከገመዱ ይልቅ ኮምፒውተሩን አምናለሁ። ፔዳሉ ላይ የእግራችንን አረጋገጥ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ኮምፒውተሩ የሁለቱን ንባብ ያለማቋረጥ ያመሳክራል፤ ካልተስማሙ የሞተሩን ጉልበት ቀንሶ መኪናውን እያዘገመ እንዲሄድ ያደርገዋል። ወደ ሞተሩ አየር የምታስገባው ክዳንም ኤሌክትሪክ ቢቋረጥባት በስፕሪንግ ጉልበት ልትዘጋ ጥቂት እስኪቀራት ትመለሳለች። የዛገ ገመድ ግን ክዳኗን እንደከፈተ ሲነክስ ማስጠንቀቂያ የለውም። ኮምፒውተር አይሳሳትም ማለቴ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የኦክላሆማ ፍርድ ቤት የሕዝብ ዳኞች ሸንጎ (ጁሪ) በቶዮታ ላይ የፈረደው በዚሁ ሥርዓት ሶፍትዌር ላይ የቀረበውን የባለሙያ ምስክርነት ከሰማ በኋላ ነው። ይሁንና በ2009 ሳንዲያጎ አቅራቢያ አራት ሰዎች ያለቁበት የቶዮታ ሥሪት ሌክሰስ አደጋ ሲመረመር የተገኘው ለመኪናው ያልተሠራ፣ ፔዳሉን ጠልፎ የያዘ ምንጣፍ ነበር። የናሳ መሐንዲሶችም የቶዮታን መኪኖች ለወራት መርምረው በ2011 ከአሽከርካሪው ፈቃድ ውጪ ለሚመጣ አደገኛ ፍጥነት የኤሌክትሮኒክስ ጥፋት አላገኙም። እኛም አገር በዋናው ምንጣፍ ላይ ሌላ ፕላስቲክ መደረብ የተለመደ ነው፤ በእኔ እምነት ከሴንሰሩ ይልቅ ሊያስፈራን የሚገባው ይኸው ነው። መኪናዎ አልቆም ካለ ፍሬኑን ሳይለቁ አጥብቀው ይርገጡ፤ ማርሹንም ወደ ፎሌ ያውጡ። የተደረበውን ምንጣፍ ግን ዛሬውኑ ያንሱት።