ሴሉ የማን ነው?

በዚህ ወር አሜሪካ የሚኖሩ ባልና ሚስት ጻፉልን። የባልየው የትከሻ ጅማት ከአጥንቱ ተገንጥሏል። ሐኪሙ ጅማቱን ሲሰፋ ከዳሌው አጥንት መቅኔ ወስዶ «ስቴም ሴል» ሊጨምርበት እንደሚችል ነገረው። ሚስቱ ግን ስቴም ሴል ከፅንስ ይወሰዳል ሲባል ሰምታለችና «እኔ እያለሁ አይሆንም» አለች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት እየኖሩ ለየብቻ ይጸልያሉ።

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰው ፅንስ ስቴም ሴል ያወጡት ፅንሱን በማፍረስ ነበር፤ እኔም ይህን አልቀበልም። ለባለቤትሽ የታሰበው ግን ሌላ ነው። መቅኔው ከገዛ ዳሌው በመርፌ ይቀዳል፣ በማሽን ተሽከርክሮ ይጣራል፣ ጅማቱ በተሰፋበት ቦታ ይጨመራል። ፅንስ የሚባል ነገር በመካከሉ የለም።

ለምን አስፈለገ? ጅማት ለስላሳ ነው፣ አጥንት ደረቅ። ፈጣሪ ሁለቱን ያያያዘው ቀስ በቀስ እየጠነከረ በሚሄድ መሸጋገሪያ ነው፤ ከጅማት ቀጥሎ ለስላሳ ካርቲሌጅ፣ ከዚያ ጠንካራ ካርቲሌጅ፣ በመጨረሻ አጥንት። (እኔ ይህን ባነበብሁ ቁጥር እደነቃለሁ።) አንዴ ከተገነጠለ ግን ሐኪም ቢሰፋውም መሸጋገሪያው እንደ ቀድሞው አይመለስም፤ ቦታውን ጠባሳ ይሞላዋል። ከተሰፉት ትከሻዎች ብዙዎቹ እንደገና የሚቀደዱት ስለዚህ ነው።

በ2014 የታተመ የፈረንሳይ ሐኪሞች ጥናት መቅኔ የተጨመረላቸውን 45 ሰዎች ካልተጨመረላቸው 45 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ከ10 ዓመት በኋላ ስፌቱ ሳይቀደድ የተገኘው ከመጀመሪያዎቹ በ87 ከመቶ፣ ከሁለተኞቹ በ44 ከመቶ ነበር። ውጤቱ ያስደስታል፤ ሆኖም ሰዎቹ በዕጣ አልተመደቡም፣ ቁጥራቸውም ትንሽ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አንተም አትቸኩል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለጅማት ሕክምና ያጸደቀው የስቴም ሴል ምርት የለም። ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ መርፌ እናድናለን እያሉ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ ክሊኒኮች ግን ሞልተዋል። ባለቤትህን ይዘህ ሂድና ሴሉ የማን እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ያለ ሴሉ ቢሰፋ ምን እንደሚሆን ሐኪሙን አብራችሁ ጠይቁት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክንድህ ለሳምንታት ይታሰራል፤ ሸሚዝህን የምታለብስህ እርሷ ናት።