አገራችንን እንወቅ፦ ሰባራ ድልድይ

በክረምት ብርና ፈጣም ሲሞሉ ምን እንደሚሆን እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ገበያ ይቀራል። ለቅሶ መድረስ አይቻልም። በሽተኛ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ከወዲህ ማዶ ይቀራል። ብርም ፈጣምም የዓባይ ገባሮች ናቸው። ታዲያ ራሱን ዓባይን መሻገር ምን ያህል ከባድ ይሆን? የዛሬው ንባባችን በዓባይ ላይ ስለተሠራ አንድ የድንጋይ ድልድይ ነው።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከተማቸው አደረጉ። እዚያም በድንጋይና በኖራ ግንብ አሠሩ። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1650ዎቹ ዓ.ም. ገደማ፣ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ድልድይ ተሠራ። ድልድዩ በሞጣና በአንዳቤት መካከል ነው። ጎጃምን ከበጌምድር ጋር ያገናኛል። ነጋዴው፣ ገበሬው፣ የተጫነ አህያውም ሁሉ በዚያ ያልፍ ነበር።

ድልድዩ ብረት የለውም። ታዲያ ምን ያዘው? የያዘው ቅስቱ ነው። ቅስት ማለት እንደ ደጋን የጎበጠ ግንብ ነው። ግንበኛው መጀመሪያ በእንጨት ድጋፍ ያቆማል። በእንጨቱ ላይ ከግራም ከቀኝም ድንጋይ እየደረደረ ይወጣል። መካከል ላይ ሲገናኝ የመጨረሻውን ድንጋይ ያስገባል። ኖራው ሲደርቅ እንጨቱ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ድንጋዮቹ ትከሻ ለትከሻ እንደተደጋገፉ ሰዎች ይቆማሉ። ከላይ የሚጫናቸው ክብደትም ይበልጥ ያጠብቃቸዋል። ነገር ግን ከቅስቱ ድንጋይ ከወጣ ሌላው ተከትሎ ይወድቃል። ስለዚህ ከአሮጌ ድልድይ ድንጋይ ነቅሎ ለቤት መሥሪያ መውሰድ ትልቅ ጥፋት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረ። በወረራው ዘመን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር የድልድዩን መካከል አፈረሱት። ስሙም ሰባራ ድልድይ ተባለ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። ድልድዩ ግን እንደተሰበረ ቀረ።

ሰው ግን መሻገር ነበረበት። ስለዚህ በገመድ መሻገር ጀመረ። ተሻጋሪው በገመድ ይታሰራል። ጎበዞች በወዲህና በወዲያ ቆመው ገመዱን ይይዛሉ። ከዚያም በፍርስራሹ ክፍተት ላይ አንጠልጥለው ይስቡታል። ከታች ዓባይ ይጮኻል። እንዲህ እየተደረገ ከ60 ዓመት በላይ ታለፈ።

አሁን ደግሞ ሌላ ድልድይ እንመልከት። በጀርመን አገር ሬገንስቡርግ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። በዳንዩብ ወንዝ ዳር ናት። እዚያም የድንጋይ ድልድይ አለ። የተሠራው ከ1127 እስከ 1138 ዓ.ም. ነው። የእኛን ድልድይ በ500 ዓመት ገደማ ይበልጠዋል። የሚቆመውም በቅስት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ የጀርመን ጦር እየሸሸ ሳለ ይህን ድልድይ በፈንጂ መታው። የመጣበት የአሜሪካ ጦር እንዳይሻገር ብሎ ነው። ከቅስቶቹ አንዳንዶቹ ፈረሱ። በ1959 ዓ.ም. ግን ድልድዩ ተሟልቶ ታደሰ። ዛሬ ሰው በእግሩ ይሻገርበታል።

እንግዲህ ሁለቱም ድልድዮች የተሰበሩት ጦር ለማገድ ነው። አንዱ በ22 ዓመት ታደሰ። ሌላው ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። ለምን? ሬገንስቡርግ ከተማ ናት። ድልድዩ በየቀኑ በሁሉም ዓይን ፊት ነው። ሰባራ ድልድይ ግን ያለው ከመኪና መንገድ በራቀ ሸለቆ ውስጥ ነው። በገመድ የሚንጠለጠለው ገበሬ ነው። የገበሬው ችግር ከሸለቆው አልወጣም።

በመጨረሻ ችግሩን ያወጣው አንድ ፎቶግራፍ ነው። በገመድ የሚሻገር ሰው ሥዕል በአንድ የውጭ አገር መጽሔት ወጣ። አንድ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ አየውና መጣ። በ1994 ዓ.ም. ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ ክፍተቱን አስጠገነ። ዓባይ ግን ዝም አላለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። በ2009 ከጎርፍ ከፍ ያለ፣ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ወገኖች! ባዕድ ሰው ፎቶግራፍ እስኪያነሣ መጠበቅ የለብንም። እናንተ አሁን ፊደል ለይታችኋል። የቀበሌያችሁ ድልድይ ሲሰነጠቅ፣ ሳይፈርስ በፊት፣ ማመልከቻ ጻፉ። የወንዙን ስም ጻፉ። ስንት ሰው እንደሚሻገርበት ጻፉ። ቀኑን ጻፉ፣ ፈርሙ። አንዱን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀሩ። መልስ ካልመጣም ያንኑ ቅጂ ይዛችሁ እንደገና ሂዱ።

አዲስ ቃላት
ቅስት፦ እንደ ደጋን የጎበጠ ግንብ።
ኖራ፦ ከተቃጠለ ድንጋይ የሚገኝ፣ ግንብ የሚያያይዝ ነጭ ዱቄት።
ቅጂ፦ ከአንድ ጽሑፍ የተገለበጠ ሁለተኛ ጽሑፍ።

ጥያቄዎች
1. አርበኞች ድልድዩን ለምን አፈረሱት?
2. ከቅስት ላይ ድንጋይ ቢነቀል ምን ይሆናል?
3. በሰፈራችሁ ጥገና የሚያስፈልገው ድልድይ የትኛው ነው? ስለ እርሱ አምስት መስመር ጽፋችሁ ለክፍሉ አንብቡ።