የእድሩን ምሰሶ በድንጋይ አትምቱት

ነሐሴ ነበር። አራዳ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ሰፈራችን ጥሩምባ የተነፋው ገና ሊነጋጋ ሲል ነው። ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው ጎረቤታችን ዐርፈዋል። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ አላባራም። እንደ ልማዳችን ወንዶቹ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄደን ሸራውን፣ ገመዱን፣ ካስማውንና ምሰሶውን ተሸክመን መጣን።

ከስድስቱ ምሰሶዎች ሦስቱ አልላቀቅ አሉ።

የእድር ድንኳን ለማያውቅ ላስረዳ። የኛ ምሰሶ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ሁለት ቱቦ ነው። ቀጭኑ ወፍራሙ ውስጥ ይገባል። ሲተከል ቀጭኑን ትስበውና በቀዳዳው ብሎን ትሻጥበታለህ። ሲቀመጥ መልሰህ ታስገባዋለህ። ለመሸከምም ለማስቀመጥም አመቺ ነው። እንደዚያ ቀን ቀጭኑ አልወጣም ሲል ግን በእጅህ ያለው ምሰሶ ሳይሆን የወገብ ቁመት ያለው ቁራጭ ብረት ነው።

ያን ጊዜ ምን አደረግን? ማንም የሚያደርገውን። ሁለት ጎረምሳ ከዚህ፣ ሁለት ጎረምሳ ከዚያ ይዘው ጎተቱ። አልሆነም። ከዚያ አንዱ ድንጋይ አነሳ። ያ አንዱ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ወፍራሙን ቱቦ ዙሪያውን ቀጠቀጥኩት። ቤቱ ውስጥ ለቅሶ፣ ደጁ ላይ የብረት ኳኳታ።

በመጨረሻ ድንኳኑ በሦስት ምሰሶ ጎብጦ ቆመ። ሸራው መሐል ላይ ውኃ አቆረ። ውኃው እንዳይቀደው የሟች ልጅ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ራሱ ተነስቶ በመጥረጊያ እንጨት ሸራውን ከሥር እየገፋ ውኃውን ሲያፈስ አየሁት። እናቱን በሚቀብርበት ቀን። ሮጠን ነጠቅነው። ግን አይተነዋል። ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ አልጠፋም።

በሠልስቱ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት የጨረሱ አንድ አባት ምሰሶዎቹን ሊያዩ መጡ። መጀመሪያ ያዩት የኔን የድንጋይ ምልክት ነው። «ልጄ፣ ይኼን ማን ቀጠቀጠው?» አሉ። ዝም አልኩ። «የመታኸው ቱቦ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ጎድጉዶ የውስጡን ይነክሰዋል። አንተ ልታላቅቅ ስትል አሰርከው» አሉኝ። ደግሞ አንደኛውን ምሰሶ አገላብጠው አዩና በጥፍራቸው ቀለሙን ፋቅ አደረጉት። ብሎኑ እዚያው እንደተሻጠ ነው! ከላዩ ቀለም ተቀብቶ ተሸፍኗል። ያን ሁሉ ስንጎትት የነበረው የታሰረ ነገር ነበር።

ከእሳቸው የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የሚጠቅመው ሰፈር አይጠፋም።

መጀመሪያ ተመልከት። ብሎን፣ ፒን፣ ሚስማር አለው ወይ? ቀለምና ጭቃ ብዙ ነገር ይደብቃል።

ሁለተኛ አጠጣው። ምሰሶውን የወፍራሙ ቱቦ አፍ ወደ ላይ እንዲሆን አቁመህ፣ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ዙሪያውን ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ከትንሽ ዘይት ጋር ቀላቅለህ አፍስስ። አሳድረው። ጠዋት ደግመህ አፍስስ። በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልክ ኳ ኳ አድርገው። ዓላማው መምታት ሳይሆን ማንቀጥቀጥ ነው፤ ፈሳሹ በዝገቱ ቀዳዳ እየሰረገ እንዲወርድ። ዝገት ከበላው ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ለዚህ ነው በጋ ላይ እንደ ልብ ሲገባና ሲወጣ የነበረው ቱቦ ክረምት ላይ ድርቅ የሚለው። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ነገር አብጦ ተቀምጧል።

ሦስተኛ ጠምዝዘው እንጂ አትጎትተው። ጉተታ ያን ሁሉ ዝገት ባንድ ጊዜ ላሸንፍ ማለት ነው። መጠምዘዝ ግን ዝገቱን ቦታው ላይ ይፈጨዋል። ሁለት ሰው ይበቃል። እጅ እንዳያንሸራትት የአሮጌ ጎማ ላስቲክ በሁለቱም ላይ ጠቅልላችሁ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ። ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ። የመጀመሪያዋ «ቂቅ» ስትሰማ ሥራው ግማሽ አልቋል።

አራተኛ እምቢ ካለ የፈላ ውኃ በወፍራሙ ቱቦ ላይ ብቻ አፍስስና የውስጡ ሳይሞቅ ቶሎ ጠምዝዝ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይበቃል። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቱቦ በ60 ዲግሪ ሲሞቅ የሚሰፋው ከፀጉር ውፍረት ባነሰ መጠን ነው። ዝገቱን ለማስለቀቅ ግን ያቺ ታህል አንዳንዴ ትበቃለች።

እሳት ውስጥ ግን አትክተቱት። ናፍጣ የጠጣ ቱቦ ይነዳል። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ደግሞ በኃይለኛ እሳት ሲግል የሚያወጣው ጢስ ሰውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያስይዝ ነው። ብየዳ የሚሠሩ ያውቁታል።

እንዲህ ተደርጎ ብሎን ያልነበራቸው ሁለቱ ምሰሶዎች በአምስተኛው ቀን ተላቀቁ። እኔ የቀጠቀጥኩት ግን አፉ ሞላላ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ እንደ ልብ አይገባም።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ናፍጣ ለማውራት አይደለም። ያ ምሰሶ የተጣበቀው በነሐሴ ለቅሶ ቀን አይደለም። የተጣበቀው ከዚያ በፊት በነበረው ለቅሶ ማግስት፣ ርጥቡን ድንኳን ጠቅልለን፣ ጭቃ የነካውን ቱቦ ሳንወለውል አስገብተን፣ በሩን ቆልፈን የሄድን ጊዜ ነው። ለተከላ ሃምሳ ሰው ይመጣል። ለመንቀል አሥር። ወልውሎ ለማስቀመጥ ማን ቀረ? ንብረት ያዡ ብቻ። እሱም የራሱ ቤት አለው።

የእድራችን ደንብ ለቀብር የቀረ ይቀጣል ይላል። መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል ይላል። ብርጭቆ የሰበረ ይተካል ይላል። ድንኳኑን ርጥቡን ያስገባ ግን ምንም አይባልም። ለምን ቢባል ያስገባነው ሁላችንም ነን። የሁሉ የሆነ ነገር እንዲህ ነው የማንም ሳይሆን የሚቀረው።

«ዘመናዊ ድንኳን ይገዛ» የሚል አለ። «ከአከራይ እንውሰድ» የሚልም አለ። አልቃወምም፤ ገንዘቡ ካለ። ግን አዲሱን የምናስቀምጠው እኛው ነን። አሮጌውን ያዛገ እጅ አዲሱን አያዛግም ያለ ማነው? ኪራዩም ቢሆን ለለቅሶ በቀጠሮ አይሆንም። ሞት ቀን ቆርጦ አይመጣም። እድር ዋጋ ያለው ጥሩምባው እንደተነፋ ወዲያው የሚደርስ በመሆኑ ነው።

በዚህ ነገር እኛ ብቻ አይደለንም። ባሕር ባለበት አገር ዊንድሰርፊንግ የሚሉት ስፖርት አለ። ሰውዬው ሸራ በተተከለበት ጣውላ ላይ ቆሞ በነፋስ ይነዳል። የሸራው ምሰሶ 4 ሜትር ገደማ ነው፤ ለመኪና እንዲመች በሁለት ቁራጭ ይሠራል። ሲጋጠም አሸዋ ከገባበት ይጣበቃል። ስፖርተኛው ባሕር ዳር ላይ የማይታጠፍ ምሰሶ ይዞ ይቀራል። የነሱም መፍትሔ ያው ነው፦ ሳይጋጠም በንጹሕ ውኃ አጥቦ መወልወል፣ ሲመለሱ የዚያኑ ዕለት ማላቀቅ፣ ከተጣበቀ ሁለት ሆኖ መጠምዘዝ። እነሱ ግን ቢጣበቅባቸው የሚቀርባቸው ጨዋታ ነው። እኛ የሚቀርብን የሐዘንተኛ ጥላ ነው።

ደግሞ ድንኳን ለኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ፋሲለደስ በ1636 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት በአብዛኛው ድንኳን ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ መጀመሪያ የሠራዊት ሰፈር ማለት ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በልብነ ድንግል ዘመን መጥቶ ያየው መናገሻ የድንኳን መናገሻ ነበር። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 10 ታቦታቱ ወርደው የሚያድሩት ድንኳን ውስጥ ነው። ለንጉሥና ለታቦት የተከልነውን ጥላ ለአንዲት ደሃ እናት ለቅሶ አጎብጠን መትከል አያምርብንም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ አጭር ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ድንኳን ተመለሰ የሚባለው ምሰሶዎቹ ተላቀው፣ ተወልውለው፣ ሸራው ደርቆ ሲገባ ነው። በየለቅሶው ሦስት አባል በተራ ይመደብ፤ የቀረ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ። ክረምት ላይ ፀሐይ እስኪወጣ ቱቦዎቹ ተለያይተው ግድግዳ ተደግፈው ይቆዩ። እያንዳንዱ ጥንድ ቁጥር ይጻፍበት፤ የአንዱን ቀጭን በሌላው ወፍራም ውስጥ በግድ ማስገባትም አንዱ የመጣበቅ ምክንያት ነው።

ከመግባቱ በፊት ደግሞ ቀጭኑ ቱቦ በሰም ይታሽ። አዎ፣ በሰም። ግራሶ አቧራ ይሰበስባል፤ ሰም ግን ደርቆ ይቀመጣል፣ ውኃም አያስገባም። አራዳ ገበያ ወርዶ አንድ ቁራጭ ሰም መግዛት የማንንም ኪስ አይጎዳም። ከቤት የተረፈ የጧፍ ቁራጭም ያገለግላል።

እኛ ሰፈር ጉዳዩ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይቀርባል። የሚያስቀው ሰው አይጠፋም፤ «ለሰም ደግሞ አንቀጽ?» ይባላል። ይባል። እኔ ያን ልጅ በመጥረጊያ እንጨት ውኃ ሲገፋ አይቼዋለሁ።

እናንተም እስከዚያው አንድ እሑድ የእድራችሁን ዕቃ ቤት አስከፍቱ። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ሳቡ። የሚወጣውን ወልውሉ፤ የማይወጣውን ናፍጣ አጠጡት። ሰው ሳይሞት፣ ዝናብ ሳይመጣ። በሰፈራችሁ እንዴት እንደምታስቀምጡ፣ የተሻለ ዘዴ ያላችሁም፣ ከታች ጻፉልን። ድንጋይ ያነሳችሁ ካላችሁም አትፈሩ፤ እኔም አለሁበት።