መረቡን የት እንጣለው?



እኛ ሰባኪዎች ዓሣ ከተነሣ ወዲያው ወደ ነፍሳት እንሻገራለን። ጴጥሮስ መረቡን ጣለ ሲባል ስለ ወንጌል ስርጭት፣ መረቡ ሞላ ሲባል ስለ ምእመናን ቁጥር እንናገራለን። ስህተት አይደለም፤ ያሻገረን ጌታ ራሱ ነው (ሉቃ. 5፥10)። ነገር ግን ዓሣውን ዓሣ ብሎ ማየትም የአማኝ ግዴታ መሆኑን የተማርነው መድረክ ላይ ሳይሆን ጣና ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት አብረን የተማርን አራት አገልጋዮች፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዓሣ ለማጥመድ ከደብረ ታቦር ወደ ፎገራ ወረድን። ሐይቁ ላይ ያረጁ አንድ አስጋሪ በጀልባቸው ሊመሩን ተስማሙ። ጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገባበት ስንደርስ፣ ዓሣው እዚያ እንደሚሰበሰብ ሰምተን ስለነበር፣ «ጋሼ፣ እዚህ ይጣሉልን እንጂ» አልናቸው። ጀልባውን እንኳ አላቆሙም። «እናንተ እርጉዝ ላም ታርዳላችሁ?» አሉን። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። ከወንዙ አፍ ርቀን ውለን ጥቂት ቀረሶ ይዘን ተመለስን። በመንገድ ላይ ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀንም።

ሰውየው ልክ ነበሩ። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በሐይቁ ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ እንደሚመለሰው ሳልሞን ማለት ነው። በዚያ ወቅት በወንዙ አፍ የተዘረጋ መረብ የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የነገውንም ነው።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሆላንድ ክርስቲያናዊ ድርጅቶች፣ በተለይም ከዓሣ አስጋሪዎቹ ከተማ ከኡርክ የመጡ ወንድሞች፣ ከመንግሥትና ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆነው የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ለጣና አስጋሪዎች አቀረቡ። በደንገል ታንኳ ብቻ ይሠራ የነበረው ድኻ ተጠቀመ። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 ያገኙትን ሲያነጻጽሩ፣ ነጭ ዓሣው ከአራት ሦስት እጅ ያህል ቀንሶ ነበር። ዋና ምክንያት ያሉት በእንቁላል መጣያ ወቅት የሚጣለውን መረብና በወንዞች የሚበተነውን የብርብራ መርዝ ነው። በፍቅር የመጣውን ማንንም አንወቅስም። ጳውሎስ ግን ፍቅራችን በእውቀት እንዲበዛ የጸለየው ያለ ምክንያት አልነበረም (ፊልጵ. 1፥9)። ወቅቱን ያላወቀ ፍቅር የሚወደውን ሰው ማዕድ ያጎድላል።

እግዚአብሔር ለእስራኤል ስለ ወፍ ጎጆ ሕግ ሰጥቶ ነበር (ዘዳ. 22፥6-7)። ጫጩቶቹን መውሰድ ተፈቅዷል፤ እናቲቱን ከልጆችዋ ጋር መውሰድ ግን ተከልክሏል። የሚያስደንቀው፣ ከትእዛዙ ጋር የተሰጠው የረጅም ዕድሜ ተስፋ አባትና እናትን ለማክበር ከተሰጠው ጋር መመሳሰሉ ነው። እንግዲህ ወላድን መራራት በጌታ ፊት ትንሽ ነገር አይደለም።

«ድኻው አስጋሪ በክረምት ልጆቹን ምን ያብላ?» የሚል ይኖራል። እውነተኛ ጥያቄ ነው። ጎተራ በሚጎድልበት ወር «አታጥምድ» ብሎ ሰብኮ ምሳን ዓሣ መብላት ግብዝነት ነው። ስለዚህ ሸክሙ ከእኛ ከገዢዎቹ ይጀምር። በእነዚያ ወራት ነጭ ዓሣ አንግዛ። በፎገራና በደራ ያላችሁ አገልጋዮች፣ ወንዝ በብርብራ መመረዝ ኃጢአት መሆኑን በግልጽ አስተምሩ። የአጥቢያ መረዳጃ ሣጥናችንም እነዚያን ጥቂት ወራት የአስጋሪ ቤተሰቦችን ያስብ። እኛ አራታችን ከዚያ ጉዞ ወዲህ በክረምት ነጭ ዓሣ አንገዛም። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ጀምረናል።

በጥብርያዶስ ባሕር ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም አልያዙም ነበር። ጌታ ግን መረቡን ወዴት እንደሚጥሉ ነገራቸው፤ 153 ትልልቅ ዓሣ ያዙ፣ መረቡም አልተቀደደም (ዮሐ. 21)። የሚያጠግበን እርሱ ከሆነ፣ የት እንደምንጥል ብቻ ሳይሆን የት እንደማንጥልም እርሱን እንጠይቅ።

ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።