ሸክላ ሠሪም ደቦ ትጥራ

አንድ ገበሬ ጤፉ ደርሶ ዝናም ያሰጋው እንደሆነ ጎረቤቶቹን ለደቦ ይጠራል። ጠላው ይጠመቃል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ የተጠራውም ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ገበሬውን «አቅም አነሰህ ወይ?» ብሎ የሚያሽሟጥጠው አይገኝም። እንዲያውም ሰው የሚወቅሰው ሳይጠራ ቀርቶ አዝመራው የተበላሸበትን ነው። ወንፈሉም እንዲሁ ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ነው። ለኀዘን ዕድር አለ። ገንዘብ የቸገረው ዕቁብተኛም ዕጣ የወጣለትን ሰው «የዛሬውን ለእኔ ልቀቅልኝ» ብሎ ቢለምን ነውር የለበትም።

መረዳዳትን ይህን ያህል በሚያውቅ የገጠር ኅብረተሰብ መካከል ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ችግራቸውን በጓዳቸው ይዘው የሚቀመጡት ስለ ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በቅርቡ በአንዲት መንደር ያየነው ነገር ነው። አንዲት እናት ለሁለት ሳምንት የደከሙባቸውን ምጣዶችና ጀበናዎች ተኩሰው ከዐመዱ ውስጥ ሲያወጡ ግማሹ ተሰንጥቆ ነበር። የቀድሞው የጭቃ መቆፈሪያ ለእርሻ ስለ ተያዘ ከሌላ ቦታ ያመጡት አፈር ጠባዩ አልታወቃቸውም። በዚያ ላይ ደመናው ስላስቸኮላቸው ዕቃው በሚገባ ሳይደርቅ እሳት ውስጥ ገባ። በውስጡ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ለመውጣት ሲታገል ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። በማግስቱ ገበያ ነበር፤ በገበያው ገንዘብ የሚገዛው እህልም የታሰበበት ነበር። «ምነው አስቀድመው ሌላ ሸክላ ሠሪ አላማከሩም?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ከእናቴ የወረስኩትን ሙያ አላውቀውም ብዬ ለማን ልናገር?» አሉን።

መልሱ ቀላል አይደለም። በአገራችን ባለ እጅ ሰው በሙያው ሲሰደብ የኖረ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል፤ ስድቡ ግን ከገበያው ዳር ጨርሶ አልጠፋም። ስድብ የለመደ ጆሮ ያለው ሰው ችግሩን ቢናገር ለተሳዳቢው ሌላ ቃል ያቀበለ ይመስለዋል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውም አባባል በዚህ ላይ ተጨምሮ ብዙ ባለሙያ ዝም አሰኝቷል። ሙያ በልብ መሆኑስ ይሁን፤ የተሰነጠቀ ምጣድ ግን በልብ ተይዞ አይሸጥም።

ደግሞም እርዳታ አልጠይቅም የሚለው ባለሙያ ውሎ አድሮ መጠየቁ አይቀርም፤ የሚጠይቀው ግን ነጋዴውን ነው። ሸማኔው የድርና የማግ መግዣ ሲያጣ ክሩን በዱቤ ይወስዳል፤ ጋቢው ተሠርቶ ሲያልቅ ዋጋውን የሚቆርጠው ክሩን ያበደረው ሰው ይሆናል። ይህን ሁሉ ሲፈጽም «ሰው አላስቸገርኩም» ይላል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ልመና ይኸኛው ነው።

አጠያየቁም ቢሆን ዘዴ አለው። «እርዱኝ» ለሚል ሰው «እግዜር ይርዳህ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። «ለሁለት ቀን ጭቃ የማመላልስበት አህያ አውሰኝ፤ አዲስ ምጣድ እሰጥሃለሁ» የተባለ ጎረቤት ግን ወይ እሺ ይላል ወይ እንቢ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል። የጭቃውን ጠባይ በተመለከተ ሊጠየቁ የሚገባቸው በሌላ መንደር ያሉት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ናቸው። የተወቀጠ ገል ወይም አሸዋ ምን ያህል እንደሚደባለቅ፣ ዕቃው በጥላ ሥር ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ እሳቱም በመጀመሪያ እንዴት እንደሚለዝብ እሳቸው በእጃቸው ያውቁታል። የመቆፈሪያው ቦታ ደግሞ የቀበሌው ጉዳይ ነው። ለእርሻ መሬት ሲከፋፈል ለጭቃ ማውጫ የሚሆን ጥግ ይተውልን ብሎ ማመልከት ምጽዋት መጠየቅ አይደለም።

ላቀች የተባለችውን የከሰል ምድጃ የማያውቅ የከተማ ቤት ጥቂት ነው። አሠራሯ የኬንያውን ሴራሚክ ጂኮ የተከተለ ሲሆን የውስጡን ሸክላ የሚያበጁት ሸክላ ሠሪዎች፣ የውጩን ቆርቆሮ የሚያበጁት ቆርቆሮ ሠሪዎች ናቸው። ልኩንና ቅርጹን ያጠኑት ደግሞ የኃይል ቁጠባ ባለሙያዎች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ «ለብቻዬ እችለዋለሁ» ቢል ኖሮ ምድጃዋ ገበያ ላይ ባልታየች ነበር።

ይሁን እንጂ ነቀፋውን በባለሙያዎቹ ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይሆንም። እኛ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተማርነው ሰብልን፣ እንስሳትንና የተፈጥሮ ሀብትን ነው። ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ቤት ለቤት ስንዞር ሸክላ ሠሪዋ ደጅ ስንደርስ ሰላምታ ሰጥተን እናልፋለን። መሬት ስለሌላቸው በመዝገባችን ላይ ስማቸው የለም፤ ሪፖርታችንም ስለ እነርሱ አይጠይቀንም። ስለ ጭቃ ብንጠየቅ አናውቅም ማለታችን እውነት ነው፤ የሚያውቀው ሰው ዘንድ ማድረስ ግን እግር እንጂ ዲፕሎማ አይጠይቅም። ሰው እንዲጠይቅ የምንመክር ከሆነ ሲጠይቅ የሚሰማ ጆሮ አስቀድመን ማዘጋጀት ይኖርብናል።

ስለ እኚያ እናት የምንጨምረው አለ። የተሰነጠቀውን ሸክላ አልጣሉትም፤ ለአዲሱ ጭቃ መደባለቂያ እንዲሆን እየወቀጡት ነበር። አሮጊቷን ሸክላ ሠሪ ሄደው ለማነጋገር ተስማምተዋል፤ ልጃቸውም አብራ ትሄዳለች። የቀረው ዕቃው ዝናም ሳያገኘው የሚደርቅበት ዳስ ነው። አራት ምሰሶና ጥቂት ሣር፣ የአንድ ቀን የጎረቤት ጉልበትም ይበቃዋል። ጠላውን እንጠምቃለን ብለዋል፤ ደቦው ሰኔ ሳይገባ መጠራት አለበት።