ለክበባችን የትኛው ሌንስ ይሻለዋል?

ባለፈው ሳምንት በፎቶግራፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ ክርክር ተነሥቶ ሳይቋጭ በቀጠሮ አደረ። ለዓመቱ የተፈቀደልን ገንዘብ ካኖን 24–70 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ዙም ሌንስ ለመግዛት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሣጥናችን ባዶ ነው። አብዛኞቹ አባሎች ይኸው ይገዛ ይላሉ። እኛ ጥቂቶቹ አንስማማም፤ ምክንያታችንንም ለአንባቢ ፍርድ እናቀርባለን።

የዙምን ጥቅም አንክድም። በስፖርት ሜዳና በምረቃ ቀን፥ ፎቶ አንሺው ከቦታው መነቃነቅ በማይችልበት ሁሉ፥ የሚተካው የለም። ነገር ግን የክበባችን ሥራ በብዛት የት ነው? ቴአትሩም የግጥሙ ምሽትም የሚካሄደው ከመሸ በኋላ፥ መብራቱ በደከመ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዙምማ ከካሜራው ጋር የመጣ 18–55 ሚሊሜትር አለን። ያጣነው ብርሃን ነው።

ይኸው አሮጌ ሌንሳችን 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ዙም የሌለው፥ ፕራይም የሚባለው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ 5.6 ለ1.8 ተካፍሎ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ የብርሃኑ ልዩነት ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። በ1/15 ሰከንድ የደበዘዘው የተዋናይ እጅ በ1/125 ጠርቶ ይወጣል ማለት ነው። ከታሰበው ውድ ዙም ጋር ስናስተያየው እንኳ ከ2 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ክብደቱም ቢሆን ካኖን በ2015 ያወጣው 160 ግራም ብቻ ሲሆን፥ የዙሙ ሁለተኛ ዓይነት 805 ግራም ነው።

«አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ ይበቃል» የሚሉ አሉ። አይኤስኦ ግን ብርሃን አይጨምርም፤ የተገኘውን ያጎላል እንጂ፤ ነጠብጣቡም አብሮ ይጎላል። «ፍላሽ ይብራ» ለሚሉትም፥ አምና ገጣሚዋ ፍላሹ ዐይኗን መትቷት ከመካከል ማቆሟን እናስታውሳቸዋለን።

እርግጥ 50ው በእኛ ካሜራ ላይ ጠበብ ያለ ነው፤ መድረኩን ሙሉ ለማንሣት አሮጌው ዙም ይበቃል። ፊት ለማንሣት የሚፈልግ ደግሞ ተነሥቶ ይቅረብ፤ ከሩቅ ተደብቆ የሰው ፊት ከመስረቅ ቀርቦ ማስፈቀድ ይሻላል።

ነገሩ የዕቃ ምርጫ ብቻ አይደለም። የአምናው የግጥም ምሽት ፎቶዎች ሁሉ ደብዝዘዋል፤ ያን ምሽት ያነበቡት ጓደኞቻችን ዛሬ ተመርቀው ተበትነዋል፤ አንድ የጠራ ፎቶ እንኳ አልቀረላቸውም። ይኸ ዘንድሮ መደገም የለበትም። ርካሹ ሌንስ ይገዛ፤ በተረፈው ገንዘብ ያገለገለ ሁለተኛ ካሜራ ይፈለግና ተራ የሚጠብቁት አዲስ አባሎች ይማሩበት። እንደ ቤታችን እንጂ እንደ ጎረቤታችን አንኑር። በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አዳራሹን በምሽት ገብታችሁ እዩት።