አድማ የተከለከለ ሰው አቤቱታው ወዴት ነው?

በካርታ ላይ ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ደብረ ማርቆስን ተጠግቶ ያልፋል። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን፣ በወቅቱ እንደተዘገበው አብራሪዎቹ እንቅልፍ ጥሏቸው፣ መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ እንዳለ ቦሌን አልፎ ሄደ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ አላገኙም። በመጨረሻ አብራሪዎቹን የቀሰቀሳቸው የአውቶፓይለቱ መላቀቅ ያሰማው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ አውሮፕላኑም በሰላም አረፈ። የሰሞኑ ወሬ ሁሉ ስለተኙት ሆነ። ነቅተው ሲጣሩ ስለነበሩት ግን እምብዛም አልተወራም።

ነገሩ አያስደንቅም። የበረራ ተቆጣጣሪ ሥራው ሲሠምር የሚታይ ነገር የለውም። በክረምት፣ ጎጃም በደመና በተሸፈነ ጊዜ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው አብራሪ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመውን የጮቄን ተራራ በዓይኑ ላያየው ይችላል። አንዱን አውሮፕላን ከሌላው ቢያንስ በ1,000 ጫማ ከፍታ ወይም በተወሰነ ርቀት ለይቶ፣ ማን መቼ እንደሚወርድ የሚወስነው መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደክሞት ወይም ኑሮው አስጨንቆት ቢቀመጥ ዕዳው የማን ነው?

ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ አደባባይ ወጥቶ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ተቆጣጣሪዎች የደመወዝ ጭማሪና የተሻለ የሥራ ሁኔታ ጠይቀው ሥራ አቆሙ። መንግሥት በጡረታ የተገለሉትን ጭምር ጠርቶ በረራውን አስቀጠለ። የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር የኢትዮጵያ ሰማይ ለአደጋ ተጋልጧል ሲል አስጠነቀቀ፤ አየር መንገዱ ክሱን አስተባበለ። ብዙም ሳይቆይ ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎች ታሰሩ። የፖለቲካ እስረኞች በገፍ የተፈቱበት፣ ስለ ይቅርታና ስለ መደመር የተሰበከበት ያ ክረምት ለእነዚህ ዘጠኝ ሰዎች የእስር ክረምት ሆነ።

የመንግሥት ወገን የሚያነሣው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 የአየር መጓጓዣን አድማ ከማይደረግባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች ተርታ መድቦት ነበር። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴም ቢሆን የአየር ትራፊክ ቁጥጥር አድማ ሊከለከልበት የሚችል ሥራ መሆኑን ይቀበላል። እኔም እቀበላለሁ፤ ሰማይ ላይ ያለ መንገደኛ የማንም መያዣ ሊሆን አይገባውም። ይሁንና ይኸው ኮሚቴ የሚያክለውን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር የእኛ ሹማምንት ሲጠቅሱት አልሰማሁም፦ አድማ የተከለከለ ሠራተኛ በምትኩ ገለልተኛና ፈጣን የዕርቅና የግልግል ዳኝነት ሊያገኝ ይገባዋል። ክልከላው የውል ግማሽ ነው። መንግሥት ለራሱ የሚጠቅመውን ግማሽ ወስዶ ሌላውን ሲተው ሕግ አከበረ አይባልም።

በዚህ ረገድ ኃያሏ አሜሪካም አርአያ አትሆነንም። ፕሬዚዳንት ሬጋን እ.ኤ.አ. በ1981 አድመኛ ተቆጣጣሪዎችን ከ11,000 በላይ በአንድ ጊዜ አባረሩ። የሚገርመው፣ ማኅበራቸው ከአንድ ዓመት በፊት በምርጫው የደገፈው ሬጋንን ነበር! ዳግመኛ እንዳይቀጠሩ የተጣለው እገዳ የተነሣው በ1993 ነው።

የጎጃም ሰው ደግሞ ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ መፈለግ አያሻውም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው መጀመሪያ ያነሣው ጠመንጃ ሳይሆን አቤቱታ ነበር፤ መልእክተኞቹ እስከ አዲስ አበባ ዘልቀዋል። ሰሚ ሲጠፋ ሸፈተ፤ ጦር ዘመተበት፣ ከሰማይም ቦምብ ወረደበት። ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ያ ሁሉ በአቤቱታው ጊዜ ሊደረግ ይችል ነበር።

የደብረ ማርቆስ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሕንፃውንና መንደርደሪያውን የሚያስመርቁ ባለሥልጣናት ንግግር ለማድረግ እንደማያንሱ አውቃለሁ። እኔ ግን ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት አንድ ነገር ተጽፎ ባየው እወዳለሁ፦ የዚያ ሰማይ ጠባቂ የደመወዝ ወይም የእረፍት ቅሬታ ሲኖረው ከአለቃው ውጪ የሚሰማው አካል ስሙ ማን ነው? መልስ የሚሰጠውስ በስንት ቀን ውስጥ ነው?